የዲፈረንሻል ክዳን አስተሻሸግ

ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል የጥርሶች ቤት ነው። ጥርሶቹ የሚዞሩት በዘይት ውስጥ ስለሆነ ክዳኑ በጥቂቱ እንኳ ቢያፈስ ውሎ አድሮ ይደርቃሉ፤ ይግላሉ፤ ይሰበራሉም።

ኮምጣጤ የሚሸተው የመስኮት ሲሊኮን በብረት ላይ ዝገት ስለሚያመጣ አይሆንም። የጥርስ ዘይት የሚችል መሆኑ በቱቦው ላይ የተጻፈው ይመረጣል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ዘይቱ ከተቀዳ በኋላ አሮጌው ማሸጊያ ተፍቆ ሁለቱም ፊት ከቅባት ይጸዳል። 3 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍር ያልተቋረጠ መስመር ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በስተውስጥ ይዘረጋል፤ ከበዛ ተጨፍልቆ ወደ ጥርሶቹ ይገባል። ፊት ለፊት ያሉት ቡሎኖች እየተፈራረቁ በልክ ይታሰራሉ። ዘይት የሚሞላው ሲሊኮኑ ሲደርቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

ይህም ሆኖ ቢያፈስ መተንፈሻው ተደፍኖ እንደ ሆነ ይታይ፤ የጋለ አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን ይገፋልና። አንድ ቀን መታገሥ ዲፈረንሻል ከመለወጥ ይሻላል።