መጽሐፉን ማን ያደርሰዋል?

የሚነበብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ የጎደለው አብሮት ተቀምጦ የሚያስረዳው ሰው ነበር። ፊልጶስም ወደ እርሱ ሄደ።

እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1943 በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ተራሮች፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በፈረስና በበቅሎ መጻሕፍት ያደርሱ ነበር። መጻሕፍቱ በልገሳ የተሰበሰቡ ናቸው፤ የመንግሥቱ ገንዘብ በዋናነት የዋለው ለአድራሾቹ ደመወዝ ነው። ማንበብ ለማይችሉትም ቁጭ ብለው ያነቡላቸው ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2005 አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ፈረስና በቅሎ ብርቅ አይደሉም። እንግዲህ መጽሐፍ ስንለግስ፣ ይዛ የምትሄደውን ረስተን እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር።

ለውይይት፦ ከስጦታችን ምን ያህሉ ለመጽሐፉ፣ ምን ያህሉስ ለምታደርሰው እህት ይሁን?