አንድ መስመር ማለት «የለም» ማለት ነውን?
የእርግዝና መመርመሪያ አሠራርና የተፈጥሮ ገደቡ

አንዲት ወጣት መካኒሳ ከሚገኙት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛች እንበል። የወር አበባዋ ከጠበቀችው ቀን አንድ ቀን አልፎታል። ቤቷ ሄዳ ስትመረምር አንድ ቀይ መስመር ብቻ ታያለች፤ እፎይ ብላም መመርመሪያውን ትጥለዋለች። ይህች ወጣት እፎይ ለማለት በቂ ማስረጃ አግኝታለችን? መልሱ «ገና ነው» የሚል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር፣ ቀጥሎም የተፈጥሮን የጊዜ ሰሌዳ መመልከት ያስፈልጋል።

መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

ጽንስ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ፣ ወደፊት የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሕዋሳት የሚያመነጩት ኤች.ሲ.ጂ. የተባለ ሆርሞን በደም ውስጥ፣ ከዚያም በሽንት ውስጥ መታየት ይጀምራል። በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሽሃይምና ዞንዴክ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሐኪሞች ይህን ሆርሞን ለማወቅ የሴቲቱን ሽንት በአይጦች ላይ ይወጉ ነበር፤ ውጤቱም ቀናት ይወስድ ነበር። ዛሬ ያው ሥራ በአንዲት ቀጭን ወረቀት ላይ በ5 ደቂቃ ገደማ ይጠናቀቃል።

የወረቀቷ አሠራር ከኩራዝ ክር ጋር ይመሳሰላል። ክሩ ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ ወረቀቷም ሽንቱን በጥቃቅን ቀዳዳዎቿ እየሳበች ታሳልፋለች። በመንገዱ ላይ አንቲቦዲ የተባሉ ፕሮቲኖች የተለጠፉባቸው እጅግ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ይጠብቁታል። አንቲቦዲዎቹ ኤች.ሲ.ጂ.ን ይይዛሉ፤ በመመርመሪያው መስመር ላይ የተተከሉ ሌሎች አንቲቦዲዎች ደግሞ ሆርሞኑን ከነወርቁ ያስቀሩታል። በቂ ቅንጣት ሲከማች መስመሩ ይቀላል። ሁለተኛው መስመር ፈሳሹ በትክክል መፍሰሱን የሚያረጋግጥ መቆጣጠሪያ ነው፤ እርሱ ካልታየ ምርመራው ዋጋ የለውም። የወባና የኮቪድ ፈጣን መመርመሪያዎችም የተሠሩት በዚሁ መርሕ ነው።

ወርቅ ቢጫ ሆኖ ሳለ መስመሩ ለምን ቀይ ሆነ? በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ውስጥ የቅንጣቶቹ ስፋት በጥቂት አሥር ናኖ ሜትሮች የሚለካ ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ነው። በዚህ መጠን የወርቁ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ሞገድ ጋር አብረው እየተወዛወዙ አረንጓዴውን የብርሃን ክፍል አጥብቀው ይውጣሉ፤ ለዓይናችን የሚተርፈው ቀዩ ነው። ማይክል ፋራዴይ እጅግ የደቀቀ ወርቅ በፈሳሽ ውስጥ እንደሚቀላ እ.ኤ.አ. በ1857 አሳይቶ ነበር።

ከደፍ በታች ማለት ዜሮ ማለት አይደለም

ማንኛውም የመለኪያ መሣሪያ ከዚያ በታች የማያይበት ደፍ አለው። በገበያ ላይ የብዙዎቹ መመርመሪያዎች ደፍ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 25 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት ነው። ኤች.ሲ.ጂ. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት እስከ ሦስት ቀን በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ለምሳሌ ያህል መጠኑ ዛሬ 5 ቢሆንና በየሁለት ቀኑ ቢታጠፍ፣ ከሁለት ቀን በኋላ 10፣ ከአራት ቀን በኋላ 20፣ ከስድስት ቀን በኋላ 40 ይሆናል። ዛሬ አንድ መስመር ያሳየው መመርመሪያ በአምስተኛው ቀን ገደማ ሁለት መስመር ያሳያል ማለት ነው። የመጀመሪያው ውጤት ስሕተት አልነበረም፤ የተመለሰው ጥያቄ ግን «እርግዝና አለ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ሆርሞኑ ከ25 በላይ ደርሷል ወይ?» የሚለው ነበር።

ከመሣሪያውም የሚበልጥ ገደብ አለ። አለን ዊልኮክስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ሴቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የወር አበባ በቀረበት የመጀመሪያ ቀን ከእርግዝናዎቹ 10 በመቶ የሚሆኑት ገና ከማህፀን ጋር እንዳልተጣበቁ አሳይተዋል። ጽንሱ ካልተጣበቀ የሚለካ ሆርሞን አይኖርም። ስለዚህ እንከን የለሽ መሣሪያ ቢኖር እንኳ በዚያ ቀን ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ወሰን 90 በመቶ ነው፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ወሰኑ ወደ 97 በመቶ ከፍ ይላል። በማሸጊያው ላይ «ከ99 በመቶ በላይ» የሚል ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

ቀኑን በትክክል መቁጠር

«አንድ ቀን ዘገየ» የሚለው አነጋገርም በቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነው። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ወሮች ባለ 30 ቀን በመሆናቸው ሥራውን ያቃልላሉ። በ28 ቀን ዑደት መስከረም 10 የጀመረ የወር አበባ ጥቅምት 8፣ ቀጥሎም ኅዳር 6 ይጠበቃል። ጳጉሜን ስትመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ነሐሴ 10 የጀመረው የሚጠበቀው መስከረም 8 ሳይሆን መስከረም 3 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 2። በተጨማሪም እንቁላል የሚወጣበት ቀን በአንዲት ሴት እንኳ ከወር ወር ይለያያል።

የወር አበባ የሚዘገየው በእርግዝና ብቻ አይደለም። የፈተና ጭንቀት፣ ፈጣን የክብደት መቀነስ፣ ሕመም፣ ጡት ማጥባት፣ በመርፌ የሚሰጥ የእርግዝና መከላከያ፣ እንዲሁም ፖስት ፒል ሊያዘገዩት ይችላሉ። ሁሉንም በግምት መለየት አይቻልም።

ምን ይደረግ?

አንድ መስመር ከታየና የወር አበባው ካልመጣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም የቀረበት ቀን አንድ ሳምንት ሲሞላው ምርመራውን መድገም ይገባል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ስላልቀጠነ ይመረጣል። ማሸጊያው እስከ ምርመራው ሰዓት አይከፈት፤ የክረምት እርጥበት ወረቀቷን ያበላሻል። ውጤቱ የሚነበበው መመሪያው በወሰነው ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ቆይቶ የሚታይ ግራጫ ጥላ ውጤት አይደለም። ከሳምንቱ በኋላም ነገሩ ካልለየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በሰዓቱ የታየ ሁለተኛ መስመር፣ ቢደበዝዝም እንኳ፣ በአብዛኛው እውነተኛ ነው፤ በቅርቡ የወለደች ወይም ያስወረዳት ሴት ግን ሆርሞኑ ከሰውነቷ ገና ስላልጠፋ ልታየው ትችላለች። ወረቀቷ ጽንሱ የት እንዳለ አትናገርም። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የደም መፍሰስ ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከገጠማት፣ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ መመርመሪያው ያሳየው ምንም ይሁን ምን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። ይህ ምልክት ባይኖርም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት የመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል።

በቤተ ሙከራ ለተማሪዎቻችን መርፌው ካልተንቀሳቀሰ «የኤሌክትሪክ ፍሰት የለም» ብለው እንዳይጽፉ፣ «ይህ መሣሪያ ሊለካው የሚችል ፍሰት አልታየም» ብለው እንዲጽፉ እንነግራቸዋለን። የመካኒሳዋ ወጣትም ያንኑ ብትጽፍ ኖሮ መመርመሪያውን በጣለች በሳምንቱ ሌላ ትገዛ ነበር።