የአገው አባቶች እምነት፦ ማወቅና መቀበል ለየቅል ናቸው

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንጅባራ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የአገው አዛውንት ቅድመ አያቶቻቸው በምንጭ ዳር ከብት ያርዱ እንደነበር ማውጋት ጀመሩ። ወጉ ሳይጋመስ ከመካከላችን አንዱ ወጣት «ይተዉት አባቴ፣ ይህ የጃሂሊያ ወሬ ነው» አላቸው። አዛውንቱ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው።

ለመሆኑ ስለ ዐረቦች ጃሂሊያ የምናውቀውን ማን ነገረን? ላት፣ ዑዛና መናት ስማቸው በቁርኣን ቢነሳም፣ የትኛው ጎሣ የትኛውን ጣዖት የት ያመልክ እንደነበር በዝርዝር የመዘገበልን የኩፋው ሙስሊም ሊቅ ሂሻም ኢብኑል ከልቢ ነው፤ መጽሐፉም «ኪታቡል አስናም» ይባላል። አል-ቢሩኒም እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ የሕንዶችን እምነት ከራሳቸው መጻሕፍት እያጣቀሰ ጽፏል። ሺርክን ወደው አይደለም።

የአገዎች አሮጌ እምነት ግን ከውስጡ ሆኖ የሚጽፍለት አላገኘም። ከእንጅባራ በስተምሥራቅ በሰከላ፣ የዓባይ መነሻ በሆነችው ግሽ ዓባይ ይደረግ የነበረውን በሰፊው የጻፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ቦታው የደረሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ነበር። እንደ እርሱ አጻጻፍ፣ ሲርየስ የተባለችው ኮከብ (ቁርኣን ሺዕራ የሚላት፣ ዐረቦችም ያመለኳት) በዓመቱ መጀመሪያ ስትታይ የምንጩ አገልጋይ የጎሣ አለቆችን ይሰበስባል። ያልወለደች ጥቁር ጊደር ይታረዳል፤ ራሱ ምንጩ ውስጥ ተነክሮ በገዛ ቆዳው ይጠቀለላል። ሥጋው በጎሣዎቹ ቁጥር ተከፋፍሎ በጥሬው ይበላል፤ መጠጡ የምንጩ ውሃ ብቻ ነው። አጥንቱም ይቃጠላል።

ብሩስ የቆየው ጥቂት ቀናት ነው፤ በዓሉንም በዓይኑ አላየም፤ የጻፈው የተነገረውን ነው። አገዎቹ ለፈጣሪ በሚሰጡ ስሞች ወንዙን ይጠሩ ነበር ይለናል። እንግዲህ የሚለምኑት ውሃውን ነበር ወይስ በውሃው በኩል ሌላ አንድ ጌታን? ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ተውሒድና ሺርክ የሚለያዩት እዚሁ ላይ ነው። መልሱን ከብሩስ መጽሐፍ አላገኘሁም። ዛሬ ምንጩ ለኦርቶዶክስ ምእመናን ጠበል ነው፤ ስሙም ከአቡነ ዘርአ ብሩክ ታሪክ ጋር ተያይዟል።

የአገው ዘመድ የሆኑት የጎንደር ቅማንቶች በዚህ ረገድ ይሻላሉ። «ሕገ ልቦና» የሚሉትን እምነት በወምበሮቻቸው መሪነት እስከ ቅርብ ዘመን አቆይተዋል፤ አብዛኛው ሕዝብ ወደ ክርስትና ቢገባም። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት አምልኳቸውን አጥንቶ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። እዚህም መዝጋቢው ባዕድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ብዙ ሙስሊም በሚኖርባት ኢንዶኔዥያስ? በሱላዌሲ ደሴት የቶራጃ ሕዝብ «አሉክ ቶ ዶሎ»፣ የቀደምቶች ሥርዓት እንደማለት፣ የሚለው እምነት አለው። መንግሥት በ1969 በሂንዱነት ስም ዕውቅና ሰጠው፤ ሂንዱ ግን አልነበረም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የአገር በቀል እምነት ተከታዮች እምነታቸውን በመታወቂያ ላይ እንዲያስመዘግቡ የፈቀደው በ2017 ነው።

አዛውንቱ ሰማንያውን አልፈዋል። በሚቀጥለው ወር እንጅባራ ስሄድ ድምፅ መቅጃ ይዤ፣ አውኚ የሚችል አንድ መምህርም ለምኜ፣ ያቋረጥንባቸውን ወግ ከጀመሩበት እንዲቀጥሉልኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ ይቅርታም አለብኝ።