«ዚስ» እና «ዛት» ከሚንቀሳቀስ ዕቃ ጋር

ለእንግሊዝኛ ጀማሪ እርሳስ ብቻ እያሳየን «ዚስ» ብናስደግመው፣ የእርሳስ ስም ይመስለዋል፡፡ ስለዚህ ዕቃው ይንቀሳቀስ! ደራን እንውሰድ፤ የአዳማ አሰላ መንገድ በመካከሏ ያልፋል፡፡ ከሩቅ የሚመጣው አውቶቡስ «ዛት» (ያ) ነው፤ አጠገባችን ሲቆም «ዚስ» (ይህ) ይሆናል፤ ወደ አሰላ ሲርቅ እንደገና «ዛት»፡፡ አውቶቡሱ ያው ነው፤ የተለወጠው ከተናጋሪው ያለው ርቀት ነው፡፡ ተሳፋሪው ግን መንገዱን ሙሉ «ዚስ» ይለዋል፤ ለእሱ የሚሸሹት ዛፎቹ ናቸው፡፡ ፊዚክስም እንቅስቃሴን የሚለካው እንዲሁ ከአንድ ማጣቀሻ ነጥብ አንጻር ነው፡፡

ለብዙ ሲሆን «ዚዝ» እና «ዞዝ» ይባላል፡፡ እንግሊዝኛ እንደ አማርኛ «ይህች»፣ «ያች» ብሎ ጾታ ስለማይለይ ተማሪው ከዚህ ይገላገላል፡፡ የሚያስቸግረው «ዚስ»ንና «ዚዝ»ን በጆሮ መለየቱ ነው፤ ሁለተኛው ረዘም ይልና በ«ዝ» ያልቃል፡፡