ስለ አፍሮ ጠጉርና ስለ ፍርዳችን



ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ወንድም ጠጉሩን ለወራት ሳይቆረጥ አሳድጎ፣ ዙሪያውን አጎፍሮ ወደ ጉባኤያችን መጣ። በር ላይ ቆመን የነበርነው ሳቅን። አንዳንዶቻችንም «ሚዶ ጠፍቶብህ ነው ወይስ የጠጉር ቆራጭ ገንዘብ?» እያልን ቀለድንበት። ከታላላቆቻችን አንዱ ደግሞ «ተቆርጠህ ስትመጣ ከመዘምራን ጋር ትቆማለህ» አለው። ልጁ አንድም ቃል ሳይመልስ ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ በሦስተኛውም አልመጣም።

ነገሩ ስለ ከበደን ሦስት ሆነን ወደ ቤቱ ሄድን። እርሱም ብዙ ሳይናገር ከግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አውርዶ አሳየን። ፎቶግራፉ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተነሣ ነው። ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ የለበሰ፣ ጠጉሩ ራሱን እንደ አክሊል የከበበው አንድ ወጣት ፈገግ ብሎ ቆሟል። ይህ ወጣት ከጥቂት ወራት በፊት ያረፉት አያቱ ናቸው። እኛ ስንስቅ የነበረው በአያቱ መታሰቢያ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ጉዳዩን በጥናት ክፍላችን አንሥተን ለመመርመር ተስማማን። ጥያቄዎቻችንም እነዚህ ነበሩ፤ አፍሮ የተባለው የጠጉር አያያዝ ከየት መጣ? ያደረጉትስ ሰዎች ምን ማለታቸው ነበር? እኛስ በሰው ራስ ላይ ስንፈርድ ምን አውቀን ነው የምንፈርደው? ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

፩. «አፍሮ» ከመባሉ በፊት

ጠጉርን ማሳደግና ማጎፈር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጎፈሬ የሚለው ቃል የራሳችን ቃል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደሉ ከጣልያን ጋር የተዋጉት አርበኞች የተነሡአቸውን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው፣ ብዙዎቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው እንደ ነበር ያያል። በዚያ ጊዜ ጎፈሬ የስንፍና ምልክት ሆኖ አልታየም፤ የቆራጥነት ምልክት ነበር እንጂ። አፄ ቴዎድሮስም በሥዕል የሚታወቁት ሹሩባ ተሠርተው ነው። እንግዲህ «ወንድ ልጅ ምንጊዜም ጠጉሩን አሳጥሮ ይቆረጥ ነበር» የሚለው አነጋገር ከታሪካችን ጋር አይስማማም።

ሚዶም ቢሆን ረጅም ታሪክ አለው። በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ውስጥ ጥርሳቸው ረጃጅም የሆነ፣ ዛሬ ጎፈሬ የሚበጠርባቸውን የሚመስሉ ሚዶዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ5,000 ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚገኘው የፊትዝዊልያም ሙዚየም የዚህን ሚዶ ታሪክ ብቻ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር።

፪. በአሜሪካ የሆነው

«አፍሮ» የሚለው ስም ግን የመጣው ከአሜሪካ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች አያቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እነርሱ ለብዙ ዘመን ሲነገራቸው የኖረው፣ መልካም ጠጉር ማለት ዞማ ጠጉር፣ መጥፎ ጠጉር ማለት ደግሞ እነርሱ ይዘውት የተወለዱት ከርዳዳ ጠጉር መሆኑ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ በጋለ ብረት ይተኮሱ ነበር፤ ወንዶቹም በመድኃኒት ያለሰልሱ ነበር።

ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ፣ በወጣትነቱ ጠጉሩን እንዴት እንዳለሰለሰ ይነግረናል። የሚቀባው ነገር የሚሠራው ከእንቁላል፣ ከድንችና ቆዳ ከሚያቃጥል ብርቱ ሶዳ ነበር። ራሱ እንደ እሳት ሲቃጠል ጥርሱን ነክሶ ቻለ፤ በመስተዋትም ሲያየው ደስ አለው። ከዓመታት በኋላ ግን ያን ቀን ራሱን ለማዋረድ የተራመደበት የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ አድርጎ ቈጠረው። እስቲ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን እናስብ፤ ሰው ተፈጥሮውን እንዲጠላ ከተማረ፣ ሥቃዩን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል።

ይህን የለወጡት ሰዎች መጀመሪያ ጥቂቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1962 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሐርለም ሰፈር፣ ፐርፕል ማነር በተባለ አዳራሽ አንድ የልብስና የጠጉር ትርዒት ተደረገ። ስሙም «ናቹራሊ 62» ነበር። ካዘጋጁት መካከል ፎቶግራፍ አንሺው ክዋሜ ብራትዌይት ይገኝበታል። ለትርዒት የቀረቡት ሴቶች ቆዳቸው ጥቁር፣ ጠጉራቸውም ያልተተኮሰ ነበር፤ ልብሳቸውም በአፍሪካ ልብስ አምሳል የተሰፋ ነበር። መልእክቱ አጭር ነው፤ ጥቁር ውብ ነው፤ እንደ ተፈጠርን እንበቃለን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእኩልነት ትግሉ እየበረታ ሲሄድ ይህ የጠጉር አያያዝ በየዩኒቨርሲቲውና በየመንገዱ ተስፋፋ። ያን ጊዜ አፍሮ ማድረግ ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ነበር።

፫. እምነቱ ሸቀጥ ሲሆን

እዚህ ላይ አንድ ሊያስተምረን የሚገባ ነገር አገኘን። በቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 በጆርጅ ጆንሰን የተቋቋመው ጆንሰን ፕሮዳክትስ የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ ይታወቅ የነበረው ጠጉር በሚያለሰልሱ መድኃኒቶች ነበር። አፍሮ በተስፋፋ ጊዜ ደግሞ ያው ኩባንያ «አፍሮ ሺን» የተባለ የአፍሮ ማስዋቢያ አወጣ፤ «ሶል ትሬይን» በተባለው የቴሌቪዥን የሙዚቃ ፕሮግራምም ላይ አስተዋወቀው። የአፍሮ ዊግም ተሠርቶ በየሱቁ ተሸጠ። እንዲህ ስንል ኩባንያውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በጥቁሮች የተቋቋመና ለብዙዎች እንጀራ የሆነ ድርጅት ነበር። ነገር ግን ገበያ የሚጠይቀው ሰው ምን እንዳመነ ሳይሆን ምን እንደሚገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወረቱ አለፈና ብዙዎች ወደ መድኃኒት ተመለሱ፤ «ጄሪ ከርል» የተባለ፣ በመድኃኒት ተለስልሶ የሚጠቀለል፣ ሁልጊዜ ቅባት የሚፈልግ የጠጉር ዓይነት ተተካ።

የአንጀላ ዴቪስም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። እርስዋ የፍልስፍና መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1970 የአሜሪካ መንግሥት በጥብቅ ከሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባት፤ ጎፈሬዋ ጎልቶ የሚታይበት ፎቶግራፍዋም በየቦታው ተለጠፈ። በጥቅምት ወር ተይዛ ታሰረች፤ በሰኔ 1972 ግን ፍርድ ቤት ነፃ አወጣት። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ጠጉራቸው የእርስዋን ስለ መሰለ ብቻ ተጠርጥረው ተንገላቱ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በጻፈችው ጽሑፍ፣ ወጣቶች ስለ ታገለችለት ነገር ሳይሆን ስለ ጠጉርዋ ብቻ እንደሚያስታውሷት አዝና ገልጻለች። አንዱ በጠጉርዋ ጠረጠራት፤ ሌላው በጠጉርዋ አደነቃት። ሁለቱም ከጠጉርዋ አልፈው አላዩአትም።

፬. በአዲስ አበባና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች

ይህ ሁሉ ወደ እኛም አገር ደርሷል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በወጡት የሸክላ ሽፋኖች ላይ አፍሮና ሰፊ ኮሌታ ይታያል። ወንዱ ቤልቦተም ሱሪና ባለ ታኮ ጫማ፣ ሴቷ ሚኒ ቀሚስ ለብሰው ሲወጡ፣ አንዳንዱ «ዘመናይ» ሲላቸው ሌላው «ዱርዬ» ይላቸው ነበር።

በሐርለም የተደረገውን ትርዒት ከላይ አይተናል። እነሆ በስድስት ዓመቱ በአዲስ አበባም አንድ የልብስ ትርዒት ተደረገ፤ ያገኘው ግን ፍጹም የተለየ አቀባበል ነው። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ ትርዒቱ ሊታይ ሲል ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ። በእንግዶቹ ላይ እንቁላልና ቲማቲም ተወረወረ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ ይህ የውጭ አገር የባህል ወረራ ነው አሉ። ገበሬው በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር ስለ ቀሚስ ቁመት መጨነቅ አይገባም የሚለው ሐሳባቸው እውነት አለበት። ነገር ግን ወንዶቹ ተማሪዎች ይለብሱት የነበረው ኮትና ሱሪስ ከየት የመጣ ነበር? የተዋረደው የሴቶቹ ልብስ ብቻ ነው። የውጭ የሆነውን ሁሉ የምንጠላ መስሎን፣ የጠላነው የደካማውን ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ነገሩ በመንግሥትና በፓርቲ ትእዛዝ ተያዘ። በታንዛንያ የገዢው ፓርቲ የወጣቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1969 መጀመሪያ አንሥቶ ሚኒ ቀሚስ፣ ዊግና ጠባብ ሱሪ እንዳይለበስ ዘመቻ አካሄደ። በማላዊ በዶክተር ባንዳ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ሕግ ሴት ሱሪ እንዳትለብስ፣ ከጉልበትዋም በላይ የሆነ ቀሚስ እንዳታደርግ፣ ወንድም ጠጉሩን እንዳያስረዝም ተከለከለ። ጠጉረ ረጅም እንግዳ ወደ አገሩ ሲገባ ይቆረጥ ነበር። ይህ ሕግ የተሻረው በ1993 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መቀስ የሰውን ራስ ሲጠብቅ፣ የሰው ልብ በዚያ ምክንያት የተሻለ ሆነ ለማለት የሚቻል አይመስለንም።

ጉዳዩ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት በተፈጥሮ ጠጉሩ ምክንያት ሰው ከሥራና ከትምህርት ቤት እንዳይገለል የሚከለክል ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ እርስዋ ነበረች። የዘመዶቻችን ልጆች በዚያ አገር ይማራሉ፤ ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይነካናል።

፭. የተማርነው

ከዚህ ጥናት ሦስት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ጠጉር በተለያየ ሰው ራስ ላይ የተለያየ ነገር ይናገራል። ለአርበኛው ቆራጥነት ነው፤ ለሐርለሟ ሴት ክብርን ማስመለስ ነው፤ ለነጋዴው ገበያ ነው፤ ለአንዱ ወጣት ወረት ነው፤ ለወንድማችን ደግሞ አያቱ ናቸው። ሳንጠይቅ ልናውቅ አንችልም።

ሁለተኛ፣ ይህ ማለት ሁሉን ነገር ያለ ማስተዋል እንከተል ማለት አይደለም። እኛም አንድ ነገር ስናደርግ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ይህን የመረጥሁት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ መረጠልኝ? በእኔ ምርጫ የሚያተርፈው ማን ነው? የምሸሸው ከተፈጥሮዬ ነውን? ለጠጉር የሚወጣው ገንዘብና ሰዓትስ ከምን ላይ ተቀነሰ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ወጣት፣ ቢያጎፍርም ቢላጭም የማንም ባሪያ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት ንጉሥ ሊቀባ በሄደ ጊዜ በመጀመሪያው ልጅ ቁመና ተስቦ እንደ ተሳሳተ በዚሁ ክፍል ተምረናል። ታሪኩን በቃላችን እናውቀዋለን፤ በር ላይ ቆመን ግን ረሳነው። ፍርዳችን ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ።

ወንድማችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል። እርሱም «እሺ» ብሎናል፤ ዳሩ ግን እስከ አሁን አልተመለሰም። ወንበሩ ከመስኮቱ አጠገብ ባዶውን ነው። ስለ ጠጉር የወጣ ደንብ ቢኖር ኖሮ በደንቡ ባሳበብን ነበር፤ እኛ ግን ያባረርነው በሳቅ ነው። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ፣ ከመጣ ጠጉሩን ሳይሆን እርሱን ተቀበሉ። ካልመጣም እንደገና እንሄዳለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ1962 የተደረገው የሐርለም ትርዒትና በ1960 ዓ.ም. የተደረገው የአዲስ አበባ ትርዒት በምን ይለያያሉ? በምንስ ይመሳሰላሉ?

2. የእምነት ምልክት የነበረ ነገር ሸቀጥ ሲሆን ያያችሁት ሌላ ምሳሌ አለ? አስረዱ።

3. በወንድና በሴት አለባበስ ላይ የምንፈርደው በእኩል ሚዛን ነው?

4. ከቤታችሁ የቆየ ፎቶግራፍ ፈልጉ። በላዩ ስለሚታየው ልብስና ጠጉር ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ጠይቁና የነገሩአችሁን በሚቀጥለው ስብሰባ አቅርቡ።