የደብረ ብርሃን ብርሃን
ስለ ብርሃን፣ ስለ አቶምና ስለ ምልክት አነባበብ የቀረበ ትምህርት

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለፍርድ ጉዳይ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመላለሰው ሕዝባችን የከተማይቱን ስም ዘወትር ይጠራል። የስሙንም ታሪክ አብዛኛው ያውቀዋል። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ በዚያ ስፍራ በሰማይ ላይ ድንቅ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም በአጠገቡ ተክለው በ1468 እስካረፉ ድረስ የመጨረሻ ዘመናቸውን አብዛኛውን በዚያ አሳለፉ። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።) የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ይህ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ግምት እንጂ የተዘጋ ፍርድ አይደለም።

ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ይጠይቃሉ፦ ብርሃኑ ጅራታም ኮከብ ከነበረ የደብረ ብርሃን ስም ሐሰት ነውን? ማንን እንመን፤ የፊዚክስ መምህራችንን ወይስ አባቶቻችንን? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልስ ያጣ ወጣት ወይ ትምህርቱን ወይ እምነቱን ይጥላልና። ስለዚህ በዚህ ዕትም አስቀድመን ብርሃን ምን እንደ ሆነና ከአቶም እንዴት እንደሚወጣ እንማራለን፤ ቀጥለንም ብርሃን ስለ ምን እንደሚመሰክር፣ ስለ ምንስ እንደማይመሰክር እንመለከታለን።

1. ብርሃን በቍጥር ይሰጣል

የጥንት ሊቃውንት ስለ ብርሃን ባሕርይ ብዙ ተከራክረዋል። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ፍራንቸስኮ ግሪማልዲ ከዕረፍታቸው በኋላ በ1665 በታተመው መጽሐፋቸው፣ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ጎን እንደሚዘረጋ አስረዱ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ምርምሮች ብርሃን እንደ ውኃ ሞገድ የሚጓዝ መሆኑ ተረጋገጠ። ፍጥነቱም በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ነገር ግን ሞገድነቱ ብቻ የማይፈታው ጥያቄ ነበረ። ባለ እጅ በወናፍ ፍሙን እያራገበ ብረት ሲያግል፣ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፤ ግለቱ ሲጨምር ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይለወጣል። ሊቃውንቱ ይህን የቀለም ለውጥ በቀድሞው ስሌት ሊያስረዱት አልቻሉም። በ1900 ጀርመናዊው ማክስ ፕላንክ መፍትሔ አቀረበ፤ ይኸውም የጋለ ነገር ጉልበቱን የሚሰጠው እንደ ወተት በማንኛውም መጠን እየፈሰሰ ሳይሆን፣ እንደ እንቍላል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተቈጠረ ነው። ግማሽ እንቍላል እንደማይሸጥ፣ ግማሽ ድርሻም አይሰጥም። ይህ ድርሻ ኳንተም ተባለ፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ «ስንት» ወይም «ምን ያህል» ማለት ነው። በ1905 አልበርት አይንስታይን ብርሃን ራሱ እንዲህ በድርሻ የሚመጣ መሆኑን አስተማረ። አንዱ የብርሃን ድርሻ ዛሬ ፎቶን ይባላል። ቀይ ፎቶን አነስተኛ ጉልበት አለው፤ ሰማያዊው ይበልጣል፤ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

የዚህን ማስረጃ የመንዝ እረኛ በፊቱ ላይ ይዞት ይዞራል። ማታ በምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰው ብዙ ሙቀት ይቀበላል፤ ነገር ግን የቱንም ያህል ቢቀመጥ ፀሐይ እንደመታው ሰው ቆዳው አይላጥም። በጓሳ ግን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ፣ እረኛው ብርድ እየቈረጠው እንኳ ፀሐይ ፊቱን ታቃጥለዋለች። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የምድጃው ፎቶኖች እጅግ ብዙ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ደካሞች ናቸው፤ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ፎቶኖች ግን ቍጥራቸው ቢያንስም እያንዳንዳቸው የቆዳን ሕዋስ ለመጉዳት የሚበቃ ጉልበት አላቸው። ሺህ ጠጠር ተወርውሮ የማይሰብረውን በር አንድ ትልቅ ድንጋይ ይሰብረዋል። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ደግሞ የሚከላከለን አየር ስለሚሳሳ፣ አልትራቫዮሌቱ በ10 ከመቶ ገደማ ይበረታል። እንግዲህ እረኛው ባርኔጣ ማድረጉ፣ እናትም የሕፃንዋን ፊት መሸፈንዋ የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

2. የአቶም እርከኖች

አሁን ብርሃኑ ከወዴት እንደሚወጣ እንጠይቅ። ፍጥረት ሁሉ አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። በ1911 ኧርነስት ራዘርፎርድ እንዳስረዳው፣ በአቶም መካከል ከባድ አስኳል አለ፤ በዙሪያው ቀላል የሆኑ ኤሌክትሮኖች አሉ። በ1913 ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር፣ ኤሌክትሮን በፈለገው የጉልበት መጠን ሊገኝ እንደማይችል አመለከተ።

ይህን ለመረዳት የአገራችንን የተራራ ገደል እርሻ እናስብ። ገበሬው ተዳፋቱን በእርከን ይከፍለዋል። በመጀመሪያው እርከን ወይም በሁለተኛው መቆም ይቻላል፤ በሁለቱ መካከል ግን መቆሚያ የለም። ኤሌክትሮንም እንዲሁ ነው። ጉልበት ሲያገኝ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ ወደ ታች ሲመለስ በእርከኖቹ መካከል ያለውን ልዩነት ልክ አንድ ፎቶን አድርጎ ይሰጣል።

የሃይድሮጅንን አቶም ብንወስድ፣ የመጀመሪያው እርከን ከአቶሙ ጠርዝ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ዝቅ ያለ ነው፤ ሁለተኛው 3.4፣ ሦስተኛው 1.51። ኤሌክትሮኑ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ቢወርድ 1.89 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፎቶን ይወጣል። ይህም የሞገዱ ርዝመት 656 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ነው። (አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው።) ሃይድሮጅን በየትም ቦታ፣ በቤተ ሙከራም ሆነ በሩቅ ኮከብ፣ ይህን ቀይ መስመር ይሰጣል።

የቦር ሥዕል ኤሌክትሮንን በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ምድር ያሳይ ነበር። በ1924 ሉዊ ደ ብሮይ ኤሌክትሮንም የሞገድ ባሕርይ እንዳለው አስተማረ፤ በ1926 ኤርቪን ሽሮዲንገር ስሌቱን አበጀለት። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮን በአንድ መንገድ ይዞራል ማለት ቀረ። ስፍራው በሸለቆ እንደ ተኛ ጉም ይመሰላል፤ ጉሙ በወፈረበት ኤሌክትሮኑ የመገኘት ዕድሉ ይበዛል፣ በሳሳበት ያንሳል። እርከኖቹ ግን ጸንተው ቀሩ። በ1925ም ቮልፍጋንግ ፓውሊ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ አቶም ውስጥ ፍጹም አንድ ዓይነት ስፍራና ሁኔታ ሊይዙ እንደማይችሉ ገለጠ። ስለዚህ ኤሌክትሮኖች ሁሉ በታችኛው እርከን አይከማቹም፤ የመጀመሪያው ሁለት ብቻ፣ ቀጣዩ ስምንት ብቻ ይቀበላል። የንጥረ ነገሮች ልዩ ልዩ ጠባይ ከዚህ ሥርዓት ይመነጫል።

3. እያንዳንዱ በብርሃኑ ይታወቃል

ጨው በሚነድድ እሳት ላይ ሲበተን ነበልባሉ ደማቅ ቢጫ ሲሆን ያላየ የለም። በጨው ውስጥ ሶዲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ኤሌክትሮኖቹ 11 ናቸው፤ በመጀመሪያው እርከን ሁለት፣ በሁለተኛው ስምንት፣ በሦስተኛው አንድ ብቻ። ይህ ብቸኛ ኤሌክትሮን በእሳቱ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲመለስም 589 ናኖ ሜትር የሆነውን ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ጨው ከአፋር ቢመጣ ከባሕር ማዶ፣ ቢጫው አይለወጥም።

በ1860 ሮበርት ቡንሰንና ጉስታቭ ኪርሾፍ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የብርሃን መስመሮች እንዳሉት በጽሑፍ አስታወቁ። በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ በምድር ያልታወቀ መስመር ታየ፤ ያልታወቀው ንጥረ ነገር ሂሊየም ተባለ፤ በምድር ላይ የተገኘው ግን ከ27 ዓመት በኋላ በ1895 ነው። በዚያው ዘመን፣ በአገራችን አባ ማስያስ የሚባሉት፣ በኋላም ካርዲናል የሆኑት ጉልየልሞ ማሳያ በሸዋ ሲያስተምሩ፣ አባ አንጀሎ ሴኪ የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን በሮም በቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ መመልከቻቸውን ተክለው የከዋክብትን ብርሃን ይመረምሩ ነበር። 4,000 የሚያህሉ ከዋክብትን በብርሃናቸው መስመር በየወገናቸው ለይተዋል። ለእኚህ ካህን ቅዳሴና ምርምር በአንድ ጣሪያ ሥርና በላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ።

4. የጅራታሙ ኮከብ ብርሃን

የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ይቀርባል። ጅራታም ኮከብ ስሙ ኮከብ ይሁን እንጂ የበረዶና የአቧራ ክምር ነው። በመጋቢት 1986 ጆቶ የተባለችው መንኰራኵር በ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አልፋ ስታየው፣ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጥቁር አካል ሆኖ ተገኘ። ወደ ፀሐይ ሲጠጋ በረዶው ይተንናል፤ አቧራው የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ የተነነው ጋዝ ደግሞ የራሱን ብርሃን ያወጣል። የፀሐይ ፎቶኖች በጋዙ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወደ ላይኛው እርከን ያወጧቸዋል፤ ሲመለሱም ከካርቦን ጥንዶች አረንጓዴ፣ ካርቦንና ናይትሮጅን ከተጣመሩበት ደግሞ ሐምራዊ ብርሃን ይወጣል። ዊልያም ሐጊንስ በ1868 በጅራታም ኮከብ ብርሃን ውስጥ የካርቦንን ምልክት አውቆ ነበር።

እንግዲህ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የታየው ብርሃን የሃሌይ ኮከብ ከነበረ፣ የተሠራው እንዲህ ነው፤ ሌላ ብርሃን ከነበረም ብርሃን እስከ ሆነ ድረስ በፎቶን የመጣ ነው። ይህን ማወቅ ስሙን ሐሰት አያደርገውም። አባቶቻችን ብርሃን አዩ፤ ስፍራውን ደብረ ብርሃን አሉት፤ እውነት ተናገሩ። እግዚአብሔር በፍጥረት ሥርዓት በኩል ይሠራል ብለን የምናምን ሁሉ፣ የሥርዓቱ መታወቅ ፈጣሪን ከስፍራው እንደሚያስለቅቀው አድርገን ልንፈራ አይገባንም። እግዚአብሔርን ባላወቅነው ቀዳዳ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ቀዳዳው በተደፈነ ቍጥር እምነቱ ይጠብበታል። በአንጻሩ ደግሞ ኳንተም የሚለውን ቃል እየጠሩ ፈውስ የሚሸጡና ተአምርን አስረዳን የሚሉ አሉ፤ እነርሱንም አንከተል፤ ትምህርቱ የሚለካ ስሌት እንጂ አስማት አይደለምና።

5. ምልክትን ማንበብ

የልጆቻችን ጥያቄ ግን ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ ይሸከማል። ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን፣ ያ ብርሃን የታየው በኑፋቄ የተከሰሱ ሰዎች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት፣ በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ ከ38 ቀን በኋላ ነው። ብርሃኑም እግዚአብሔር ቅጣቱን እንደ ወደደው ምልክት ተቈጠረ።

ይህን የምንጠቅሰው ጎረቤቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። እኛም በታሪካችን ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ በኑፋቄ ስም የተፈጸመ ግድያ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም አለ። በ1456 አውሮፓ ያንኑ ኮከብ ስታይ፣ ቤልግሬድ በቱርኮች ትከበብ ነበርና ብዙዎች የጦርነት መቅሠፍት ነው ብለው አነበቡት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ካሊክስቶስ 3ኛ ኮከቡን አወገዙ የሚለው ወሬ ግን በኋላ የተፈጠረ ተረት ነው፤ ያዘዙት ጸሎት እንጂ ውግዘት አልነበረም። በ1910 ኮከቡ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ በጅራቱ መርዘኛ ጋዝ አለ ተባለ፤ በአሜሪካ ሰዎች የኮከብ መድኃኒት ክኒን እየገዙ ዋጡ። አንድ ብርሃን ነው፤ አንዱ ድል፣ ሌላው መቅሠፍት፣ ሦስተኛው መርዝ አነበበበት። ሁሉም ያነበቡት በልባቸው የነበረውን ነው።

ብርሃን የሚመሰክረው ስለ ምንጩ ነው። ሶዲየም ከሆነ ሶዲየም ነኝ ይላል፤ ካርቦን ከሆነ ካርቦን ነኝ ይላል። እገሌ ጻድቅ ነው፣ እገሌ ይገደል ብሎ ግን አይፈርድም። ጌታችንም ፈሪሳውያን ከሰማይ ምልክት እንዲያሳያቸው በጠየቁት ጊዜ አልሰጣቸውም (ማቴ. 16፥1-4)፤ የሰማዩ አባታችን ፀሐይን ለክፉዎችና ለደጎች እኩል እንደሚያወጣት አስተማረ (ማቴ. 5፥45)። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም (ሉቃ. 13፥4)። በሰማይ በታየው ነገር ወንድሙን የሚከስስ፣ በድርቅና በበረዶ መውደቅ ጎረቤቱን የሚወነጅል ሰው ይህን ትምህርት ገና አልተማረም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1988 ለቫቲካን የከዋክብት ምርምር ማእከል ኀላፊ በላኩት ደብዳቤ፣ ሳይንስ ሃይማኖትን ከስሕተትና ከአጉል እምነት ሊያጠራው፣ ሃይማኖትም ሳይንስን ራሱን ከማምለክ ሊጠብቀው እንደሚችል ጽፈዋል። የሃሌይ ኮከብ በ2061 ይመለሳል። ዛሬ በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ትምህርት ቤቶች የተቀመጡት ልጆች በዚያን ጊዜ አያቶች ይሆናሉ። ልጆቻቸውን ይዘው ሰማይን ሲያዩ ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ እንዲያስረዱ፣ ማንንም እንዳይከስሱበት፣ ፈጣሪንም እንዲያመሰግኑ ከአሁኑ እናስተምራቸው። ሐዋርያው ዮሐንስ እንዳስተማረው፣ ወንድሙን እየጠላ በብርሃን አለሁ የሚል ሰው እስካሁን በጨለማ ነው (1 ዮሐ. 2፥9)። ከዚህ ጨለማ እግዚአብሔር ይጠብቀን፤ አሜን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የምድጃ እሳት ብዙ ሙቀት እየሰጠ ቆዳን እንደ ፀሐይ የማይልጠው ለምንድር ነው?
2. ጨው በእሳት ላይ ሲበተን ነበልባሉ ቢጫ የሚሆንበትን ምክንያት በእርከን ምሳሌ አስረዱ።
3. በአካባቢያችን በጎረቤት ላይ ለመፍረድ እንደ ምልክት የሚቈጠሩ የተፈጥሮ ነገሮች አሉን? እንዴትስ ልናርማቸው እንችላለን?