ግሡ ምን ያስከትላል?

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ «ሴይ» እና «ቴል» በያዝኩት መዝገበ ቃላት ሁለቱም «መናገር» ናቸው። ታዲያ «ሂ ሴድ ሚ» ብዬ ስጽፍ አስተማሪያችን ለምን በቀይ ያሰምሩበታል?

ጋሼ፦ እሱን ያጻፈሽ አማርኛሽ ነው። «አለኝ» ትያለሽ፣ «ነገረኝ» ትያለሽ፤ «ኝ» ሁለቱም ላይ ይገባል። በእንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ ሰሚውን ወዲያው አስከትሎ የሚሄደው «ቴል» ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ሴይ» የሚያስከትለው የተባለውን ነገር ነው። ሰሚውም ይነሣ ካልሽ «ቱ» ትጨመራለች፦ «ሂ ሴድ ኢት ቱ ሚ»።

ልጅቷ፦ በትርጉም አይለያዩም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ይለያያሉ እንጂ። የሰውን ቃል እንዳለ በትምህርተ ጥቅስ ስታስገቢ አብዛኛውን ጊዜ «ሴይ» ነው። «ጠብቂ ብላ አዘዘችኝ» ለማለት ደግሞ «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት»። እስቲ ንገሪኝ፣ ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጥሮ የሚከፍልሽ ሠራተኛ ምን ይባላል?

ልጅቷ፦ ቴለር።

ጋሼ፦ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቴል» መቁጠርም ነበር፤ የባንኩ ስም የዚያ ቅሪት ነው። ዛሬ ከዚህ ግሥ ጋር ሰሚ ሳይጠራ የሚነገሩ ጥቂት ነገሮች አሉ፦ እውነት፣ ውሸት፣ ታሪክ፣ ቀልድ። «ቴል ዘ ትሩዝ» ይባላል፤ «ሴይ ዘ ትሩዝ» ግን ለጆሮ ይሻክራል።

ልጅቷ፦ ይህን ሁሉ እንዴት ልያዘው?

ጋሼ፦ ግሥን ብቻውን አትሸምድጅ። ልጆቻችን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ባንድ የአማርኛ ፍቺ እያጣመሩ ደብተር ሲሞሉ ሳይ ልቤ ያዝናል፤ ያ ሁሉ ድካም ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ አያግዛቸውም። ኤ ኤስ ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ፤ በ1948 ደግሞ ኦክስፎርድ አሳተመው። ተማሪ እጅ የምታዪው ወፍራሙ ኦክስፎርድ ከዚያ የመጣ ነው። ለተማሪ ብሎ ስለሠራው ፍቺ ሰጥቶ ብቻ አልተወም፤ እያንዳንዱ ግሥ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል አሳየ። አንቺም ስትገልጪው ከፍቺው ይልቅ ምሳሌዎቹን አንብቢ፤ ምሳሌውን እንዳለ ደብተርሽ ላይ ገልብጪ።

ልጅቷ፦ «ሂር» እና «ሊስን»ስ?

ጋሼ፦ እነሱ አይከብዱሽም፤ አማርኛም «ሰማ» እና «አዳመጠ» ብሎ ይለያል። ብቻ ከ«ሊስን» በኋላ የሚደመጠውን ስትጠሪ «ቱ»ን አትርሺ።

ልጅቷ፦ «አስረዳኝ» ለማለትስ «ኤክስፕሌይን ሚ» እላለሁ?

ጋሼ፦ አይሆንም፤ የ«ሴይ» ወገን ነው፦ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ»።

ልጅቷ፦ እንግዲያው «እንድሄድ መከረችኝ» ለማለት «ሺ ሰጀስትድ ሚ ቱ ጎ» ማለትም አይቻልም?

ጋሼ፦ አይቻልም። ሰውየውን ማስከተል ከፈለግሽ «አድቫይዝ»ን ምረጪ፦ «ሺ አድቫይዝድ ሚ ቱ ጎ»። «ሰጀስት» ይሁን ካልሽ ግን «ሺ ሰጀስትድ ዛት አይ ጎ» ነው የሚባለው።